የነዳጅ ጌጁ የማይታመን አሮጌ መኪና፦ ከፊውዙ እስከ ሰልባትዮው

በአሮጌ መኪና ላይ የነዳጅ ጌጅ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መርፌ ነው። ዳሽቦርዱ ይፈታል፣ ሌላ ጌጅ ተገዝቶ ይገጠማል፣ ችግሩ ግን ባለበት ይቆያል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከኋላ፣ ሰልባትዮው (የነዳጅ ማጠራቀሚያው) ላይ በተገጠመው ፍሎት (የነዳጁን መጠን በሚለካው ዕቃ)፣ በሶኬቱ ወይም በማሳው (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው በሚመለስበት ግንኙነት) ላይ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ምርመራውን ከርካሹና ከቀላሉ ጀምሮ ዳሽቦርዱን ወደ መጨረሻ ይገፋዋል። ለአብዛኛው ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ርካሽ ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ)፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ አንድ ሜትር ሽቦና አንዲት የ12 ቮልት ትንሽ አምፖል ብቻ ነው።

ጌጁ እስኪሠራ ድረስ

ጥገናው ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ መኪናው ደግሞ መሄዱ አይቀርም። በዚህ መሀል ጌጅዎ ኪሎሜትር ቆጣሪው ይሆናል። ሰልባትዮውን ሙሉ ያስሞሉ፤ የማደያው ቀጂ እጀታው ራሱ ሲዘጋ ይቁም፣ ከዚያ በላይ አይጨምር። ትንሹን የጉዞ ቆጣሪ ዜሮ ያድርጉ። ሌላ ጊዜ ሲሞሉ ደግሞ በተመሳሳይ መንገድ እስኪዘጋ ያስሞሉና የተጓዙትን ኪሎሜትር በገባው ሊትር ያካፍሉ። 341 ኪሎሜትር ሄደው 31 ሊትር ከገባ መኪናው በሊትር 11 ኪሎሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ሰልባትዮው 50 ሊትር የሚይዝ ከሆነ 10 ሊትሩን እንደሌለ ይቁጠሩት፤ የቀረው 40 ሊትር 440 ኪሎሜትር ይሰጣል። በትራፊክ መጨናነቅና በዳገት ፍጆታው ስለሚጨምር ቁጥሩን ወደ 380 ዝቅ ያድርጉት። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውን ዓይነት መንገድ የሚሄድ ሰው ከዚህም በታች ቢይዝ ይሻለዋል።

ሰልፉ ረዝሞ ሙሉ ማስሞላት ካልተቻለ ሊትሩን መዝግበው ይደምሩ። በቴሌብር የከፈሉበት መልእክት ስልክዎ ላይ ስላለ የከፈሉትን ብር በዕለቱ የሊትር ዋጋ ማካፈል በቂ ነው። የጉዞ ቆጣሪው ከሌለ ትልቁን ቁጥር በወረቀት ይጻፉ። የፍጥነት መለኪያው ገመድ ተቆርጦ ኪሎሜትሩም የማይቆጥር ከሆነ ግን ከነዳጅ ጌጁ በፊት እሱን ያሠሩ፤ ያለሁለቱም መንዳት በግምት መንዳት ነው።

ነዳጅ አልቆ መቆም እንደ መኪናው ዓይነት ዋጋው ይለያያል። በካርቡሬተር የሚሠራ ቤንዚን መኪና ነዳጅ ሲጨመርለት ጥቂት ካስነሱት በኋላ ይነሳል። ፓምፑ ሰልባትዮው ውስጥ የሆነ መኪና ግን ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ነዳጁ ነው፤ ሁልጊዜ ሊያልቅ ሲል መንዳት የፓምፑን ዕድሜ ያሳጥራል። በናፍጣ መኪና ደግሞ መስመሩ አየር ይገባበታል፤ ነዳጅ ቢጨመርም ማጣሪያው ላይ ባለው የእጅ ፓምፕ እየገፉ አየሩን ሳያስወጡ አይነሳም።

አሠራሩ

ቁልፍ ሲከፈት ኃይሉ በፊውዝ አልፎ ወደ ጌጁ ይገባል። ከጌጁ በአንድ ቀጭን ሽቦ ወደ ኋላ ይሄድና ፍሎቱ ጋ ይደርሳል፤ በፍሎቱ ውስጥ ያለውን ሬዚስተር አቋርጦ ወደ ማሳ፣ ማለትም ወደ መኪናው አካልና ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይመለሳል። ነዳጁ ላይ የሚንሳፈፈው ኳስ ወይም ሲሊንደር ሲወጣና ሲወርድ ክንዱ ሬዚስተሩ ላይ ይንሸራተታል፤ በዚህም ኦሙ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚገታው መጠን፣ ይቀየራል። መርፌው የሚያሳየው ይህን ኦም እንጂ ነዳጁን አይደለም። ስለዚህ በመንገዱ ላይ የሚጨመር ማንኛውም ኦም፣ የዛገ የማሳ ብሎንም ቢሆን፣ ለመርፌው እንደ ነዳጅ መቀነስ ይታየዋል።

መጠኑ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና 1990ዎቹ በወጡ ብዙ ቶዮታዎች ባዶ ሲሆን ወደ 110 ኦም፣ ግማሽ ላይ ወደ 32፣ ሙሉ ሲሆን ወደ 3 ኦም ነው። በቀድሞዎቹ ላንድክሩዘሮች ባዶው ወደ 120፣ ሙሉው ወደ 17 ነው። ቮልስ ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ የኤሌክትሪክ ጌጅ አለው፤ ባዶ 73፣ ሙሉ 10 ኦም አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ወይ በገመድ የሚሠራ ጌጅ አላቸው፣ ወይ ጨርሶ ጌጅ የላቸውም፤ ለእነሱ የሚከተለው የኤሌክትሪክ ምርመራ አይሠራም። ላዳ ባዶ ሲሆን ከ300 ኦም አይርቅም፤ ሙሉ ሲሆን ከ25 በታች ይወርዳል። በእነዚህ ሁሉ ኦሙ ሲቀንስ መርፌው ወደ ሙሉ ይሄዳል። የጄኔራል ሞተርስ አሮጌ መኪኖች ግን በተቃራኒው ናቸው፦ ባዶ ሲሆን 0፣ ሙሉ ሲሆን 90። የጄኔራል ሞተርስ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ከዚህ በታች ያለውን የሽቦና የኦም ምልክት ገልብጦ ያንብብ።

መርፌው ራሱ ምን ይናገራል

ዕቃ ከመፍታትዎ በፊት ጥፋቱን ይመልከቱ። ሁልጊዜ ባዶ ላይ ከተኛ መስመሩ አንድ ቦታ ተቋርጧል፦ ሶኬት ወልቋል፣ ሽቦ ተበጥሷል ወይም ማሳ የለም። ሁልጊዜ ሙሉ ላይ ከቆመ ወደ ኋላ የሚሄደው ሽቦ የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት እየነካ ነው። የኋላ ወንበሩ ሐዲድና የኮፈኑ ማጠፊያ አካባቢ መጀመሪያ የሚታዩ ቦታዎች ናቸው። ከሙሉ ጀምሮ በደንብ ወርዶ አንድ ቦታ ሲደርስ በድንገት ባዶ የሚል፣ ትንሽ ከተነዳ በኋላ ተመልሶ የሚነሳ ከሆነ የፍሎቱ ሬዚስተር እዚያ ቦታ ላይ ተበልቷል። ብዙ ጊዜ ይህ ከሩብ እስከ ግማሽ ባለው ቦታ ይከሰታል፤ መኪናው አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው እዚያ ነዳጅ ላይ ነውና።

መሀል ላይ ደርቆ የቀረ መርፌ ክንዱ እንደተያዘ ይጠቁማል። የፊት መብራት ሲበራ ወይም ፍሬቻ ሲሰጥ መርፌው አብሮ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ማሳው ደካማ ነው፤ ይህን ምልክት ያየ ሰው ሌላ ነገር ሳይነካ ማሳውን ያጽዳ። የነዳጁም የሙቀቱም መርፌ አንድ ላይ ከፍ ወይም አንድ ላይ ዝቅ ካሉ ግን ፍሎቱ ንጹሕ ነው፤ ለሁለቱም ኃይል የሚመጥነው የዳሽቦርዱ ሬጉሌተር ነው የተበላሸው።

ብልሽት ያልሆኑ ነገሮችም አሉ። በብዙ አሮጌ መኪኖች ጌጁ የሚሠራው በሚሞቅና በሚታጠፍ ብረት ስለሆነ ቁልፍ ተከፍቶ ትክክለኛው ቦታ ላይ ለመድረስ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። ከእንጦጦ ሲወርዱ መርፌው ቢለዋወጥ ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ስለሄደ ነው። ንባብ የሚወሰደው ሁልጊዜ በሜዳ ቦታ፣ መኪናው ቆሞ ነው።

ምርመራው

1. ፊውዙ። በብዙ ቶዮታዎች የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ «ጌጅ» ተብሎ የተጻፈ 7.5 ወይም 10 አምፒር ፊውዝ አለ። ከተቃጠለ አብዛኛውን ጊዜ የሙቀት መለኪያውና አንዳንድ የማስጠንቀቂያ መብራቶችም አብረው ይጠፋሉ። በዓይን ደህና የሚመስል ፊውዝ ውስጡ ሊበጠስ ስለሚችል በቴስተር ይለኩት። ከተቃጠለ ምክንያቱን ሳይፈልጉ ትልቅ አምፒር ያለው አይተኩ።

2. ፍሎቱን ማግኘት። በብዙ ኮሮላዎች የኋላ ወንበሩ መቀመጫ ሲነሳ ከስሩ በብሎን የተያዘ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ክዳን ይገኛል። በቮልስ ከፊት ኮፈኑ ስር፣ በላዳ ሴዳን ደግሞ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ በቀኝ በኩል ነው። መግቢያ ክዳን የሌለው መኪና ካለዎት ሰልባትዮው ከስር መውረድ ስላለበት ቀጣዮቹን ደረጃዎች ከስር በሚገኘው ሶኬት ላይ ይሥሩ። ወለሉን በፍሌክስ ቆርጦ መስኮት ለመክፈት የሚያስቡ አሉ፤ ከቤንዚን በላይ ሆኖ የብረት ፍንጣሪ ማስነሳት ነውና አይሞከርም።

3. ማሳውን መለካት። ቁልፉን ይክፈቱ። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ በፍሎቱ ብረት ክዳን ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ያድርጉ፤ ከኋላ ከሆነ የሽቦውን አንድ ጫፍ ከባትሪው አስረው ያምጡት። ንባቡ ከ0.1 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ የማሳ ሽቦው ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘበትን ብሎን ይፍቱ፣ ቀለሙንና ዝገቱን እስከ ብረቱ ይፋቁ፣ ትንሽ ግሪስ ቀብተው ያጥብቁ። የሰልባትዮው ማሰሪያ ቀበቶዎች ላይ ብቻ ለማሳ የተማመነ አሮጌ መኪና ከሆነ ከፍሎቱ ክዳን ብሎን ወደ አካሉ አንድ አዲስ ሽቦ ማሰር ዘላቂ መፍትሔ ነው። ብዙ የጌጅ ችግር እዚህ ላይ ያበቃል።

4. ሶኬቱን መንቀል። ቁልፉ ክፍት እንደሆነ የፍሎቱን ሶኬት ይንቀሉ። መርፌው ወደ ባዶ መውረድ አለበት። ካልወረደና ሙሉ ላይ ከቀረ ሽቦው መንገድ ላይ ብረት ነክቷል፣ ወይም ጌጁ ራሱ ተጣብቋል።

5. በአምፖል ማሳ ማስነካት። ከተነቀለው ሶኬት የጌጁን ሽቦ ይለዩ። ፓምፑ አብሮ ያለበት መኪና ላይ በሶኬቱ ውስጥ የፓምፑ ኃይልም ስለሚኖር ሽቦዎቹን አያምታቱ፤ የፓምፑ ሽቦዎች ወፈር ይላሉ። በጌጁ ሽቦና በማሳ መካከል የ12 ቮልት 3.4 ዋት አምፖል ያስገቡ። መርፌው ወደ ሙሉ አቅጣጫ መንቀሳቀስ አለበት፤ ጫፉ ላይ ባይደርስም ጥሩ ነው። አምፖሉ የሚያስፈልገው ጌጁን ለመጠበቅ ነው። ሽቦውን በቀጥታ ማሳ ማስነካትና ማቆየት በሙቀት የሚሠራውን ጌጅ መጠምጠሚያ ሊያቃጥለው ይችላል። አምፖል ከሌለ ከሁለትና ከሦስት ሰከንድ በላይ አያስነኩ።

መርፌው በ4 ወርዶ በ5 ከወጣ ጌጁም ፊውዙም ሽቦውም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ፍሎቱ ላይ ነው። በ5 ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ያው ሙከራ ዳሽቦርዱ ጀርባ ላይ ይደገማል። እዚያ ከሠራ ሽቦው መሀል ላይ ተበጥሷል፤ እዚያም ካልሠራ ብቻ ነው ጌጁ የሚጠረጠረው።

6. የፍሎቱን ኦም መለካት። ቁልፉን ይዝጉ። ሶኬቱ እንደተነቀለ በፍሎቱ ሁለት ጫፎች መካከል ኦም ይለኩ። ግማሽ ነዳጅ እንዳለ የሚያውቁት ቶዮታ 32 አካባቢ ካሳየ ፍሎቱ ጤነኛ ነው። ማለቂያ የሌለው ኦም ከታየ ተቆርጧል። ቁጥሩ ካልረጋ ሰው ከኋላ መኪናውን ቀስ ብሎ ያወዛውዘው፤ ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ዘሎ የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ ሬዚስተሩ ተበልቷል።

ፍሎቱን ማውጣት

እስካሁን የተሠራው ሁሉ ሰልባትዮው ተዘግቶ ነው። ከዚህ በኋላ የቤንዚን ትነት አለ። ሥራው ደጅ፣ በጥላ ስር ይሁን፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓድና በዝግ ጋራዥ ወለል ላይ ይከማቻል። ሰልባትዮው ከሩብ በታች ሲሆን ይሥሩ። የፍሎቱን ክዳን ከመክፈትዎ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ፤ ክዳኑ ክፍት እያለ ባትሪ መንቀልም መመለስም የለም። የእሳት ማጥፊያ በአጠገብ ይኑር፤ የሚያጨስ ሰው ይራቅ።

ብሎኖቹን ከመፍታትዎ በፊት ክዳኑን በብሩሽና በአየር በደንብ ያጽዱ። ያልጸዳ አቧራ በሙሉ ወደ ነዳጁ ይወድቅና ከሳምንት በኋላ ማጣሪያው ወይም ካርቡሬተሩ ላይ ይገኛል። ክዳኑ በየት አቅጣጫ እንደተቀመጠ በማርከር ምልክት ያድርጉበት፤ አዙሮ የገጠመው ሰው ክንዱ የሰልባትዮውን ግድግዳ እየነካ መርፌው መሀል ላይ ይቆምበታል። ፓምፕ አብሮ ካለ የነዳጅ ቱቦውን ከመንቀል በፊት ግፊቱን ማስወገድ ያስፈልጋል፦ የፓምፑን ፊውዝ ነቅለው ሞተሩን እስኪጠፋ ድረስ ያስነሱት፤ ይህም ባትሪው ከመነቀሉ በፊት ነው። ብሎኖቹ የዛጉ ከሆኑ ዝገት ማላቀቂያ ነፍተው ይጠብቁ። አንዱ ከተቆረጠ እዚያው መሰርሰር አይቻልም፤ ሰልባትዮው ወርዶ፣ ተጥቦ ነው የሚሠራው። ፍሎቱን ቀጥ አድርገው አይጎትቱ፤ አጋድለው፣ ክንዱን አስቀድመው ነጻ እያደረጉ ያውጡ። ቀዳዳውን ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑ፤ ፍሎቱንም ከሰልባትዮው አርቀው ይውሰዱት።

ምን ይታያል

ተንሳፋፊውን ጆሮዎ ጋር አድርገው ያወዛውዙ። ውስጡ ፈሳሽ ካለ ተበስቷል፤ እየሰመጠ ነው፣ ጌጁም ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ያሳያል። የነሐሱን ተንሳፋፊ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቢነክሩት የተበሳው ቦታ አረፋ ያወጣል። በካውያ መበየድ ይቻላል፤ ግን ውስጡ ጠብታ ቤንዚን እንኳ ካለ ይፈነዳል። ትንሽ ቀዳዳ ጨምረው ነዳጁን ያስወጡት፣ ለቀናት ያድርቁት፣ ከዚያ ብቻ ይበየድ። ሌላ ተንሳፋፊ ከተገኘ መበየዱን መተው ይመረጣል። የፕላስቲኩ ከከበደ መለወጥ እንጂ መጠገን የለውም።

ቀጥሎ ሬዚስተሩ። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገው ክንዱን ከታች ወደ ላይ በጣም ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱ። ባለ መርፌ አሮጌ ቴስተር ካለ እዚህ ከዲጂታሉ ይበልጣል፤ ዲጂታሉ ቶሎ የሚያልፈውን መቋረጥ አያሳይም። ቁጥሩ ያለመዝለል ከ110 ወደ 3፣ ወይም የመኪናዎ መጠን ወደሆነው መውረድ አለበት። ከዘለለ የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ወይም አልኮል ነፍተው ክንዱን ደጋግመው ያመላልሱ። ካልበቃ መንገዱን በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብለው ይጥረጉ። የብርጭቆ ወረቀት ፈጽሞ አይነካውም፤ ከፀጉር የሚቀጥነውን ሽቦ ወይም ስሱን የካርቦን ሽፋን ይዞት ይሄዳል። መንገዱ ጠልቆ ከተበላ የሚንሸራተተውን ትንሽ ጫፍ በፒንሳ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ወደ ጎን አጥፈው ያልተበላ ቦታ ላይ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። ሽቦው ከተበጠሰ ግን ሌላ ፍሎት ነው።

ሶማሌ ተራ ለመግዛት ሲሄዱ አሮጌውን ፍሎትና ቴስተሩን ይዘው ይሂዱ። ቅርጹ አንድ ሆኖ ኦሙ የሚለያይ ብዙ አለ፤ ለላንድክሩዘር 17 የሚጨርስ ፍሎት 3 ለሚጠብቅ ጌጅ ቢገጠም መቼም ሙሉ አይልም። ሻጩ ፊት ክንዱን ጫፍ እስከ ጫፍ አንቀሳቅሰው ይለኩ፤ የክንዱንም ርዝመት ከአሮጌው ጎን አድርገው ያስተያዩ። ያገለገለ ኦርጅናል፣ ልኬቱ የማይዘል ከሆነ፣ ከርካሽ አዲስ ይመረጣል።

ጓርኒሲዮኑን (ከክዳኑ ስር ያለውን ማሸጊያ) አዲስ ያድርጉ። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይፈርሳል፤ ቁርጥራጩም ወደ ነዳጁ ይገባል። ነዳጅ የሚችል ጎማ ወይም ቡሽ ይጠቀሙ፤ ብሎኖቹንም በተቃራኒ እያፈራረቁ በልኩ ያጥብቁ። መጀመሪያ ሙሉ ሲሞሉ ወንበሩን ሳይመልሱ ዙሪያውን ይመልከቱ፣ ሽታም ይፈትሹ።

ጥፋቱ ዳሽቦርዱ ላይ ከሆነ

ጌጁን ከመግዛት በፊት ጀርባው ላይ ያሉትን ትናንሽ ዳዶዎች ፈታ አድርገው መልሰው ያጥብቁ፤ በብዙ መኪና ላይ ኃይሉ የሚያልፈው በእነሱ ነው፣ ሲላሉ ጌጁ ይዘባርቃል። ሬጉሌተር ያላቸው ብዙ የጃፓን መኪኖች ለጌጆቹ የሚሰጡት በአማካይ 7 ቮልት ገደማ ነው፤ የሚቆራርጥ ስለሆነ የቴስተሩ ቁጥር ቢወዛወዝ አይደንግጡ። ቋሚ 12 ቮልት ከታየ ሬጉሌተሩ ተጣብቋል ወይም የራሱ ማሳ ተቋርጧል። ጌጁን ራሱን ለመፈተን በፍሎቱ ምትክ 5 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል ሬዚስተር ያስገቡ፦ ለቶዮታው 110 ኦም ባዶ፣ 33 ኦም ግማሽ አካባቢ ማምጣት አለበት።

መርፌውን ማስተካከል

ሁሉም ደህና ሆኖ ንባቡ ብቻ ሊሳሳት ይችላል። በየሞሉ ቁጥር፣ ከመሞላቱ በፊት መርፌው የት እንደነበረ በስልክ ፎቶ ያንሱና ሙሉ ለመሆን የወሰደውን ሊትር ይጻፉ። 50 ሊትር ሰልባትዮ 38 ሊትር ከወሰደ መርፌው ያን ቦታ ሲያሳይ 12 ሊትር ነበረ ማለት ነው። ጥቂት ጊዜ ከተደገመ የራስዎ ሰንጠረዥ ይኖርዎታል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም ይበቃዋል።

ስሕተቱ ትልቅ ከሆነ የተንሳፋፊው ክንድ ይታጠፋል። መርፌው ካለው ነዳጅ በላይ የሚያሳይ ከሆነ ተንሳፋፊውን ወደ ላይ፣ በታች የሚያሳይ ከሆነ ወደ ታች፣ በአንድ ጊዜ ከሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ሳይበልጥ። ሲያጥፉ ክንዱን በሁለት ፒንሳ ይያዙት፤ ጉልበቱ ሬዚስተሩ ላይ አይረፍ። ወደ ታች ብዙ ያጠፈ ሰው ተንሳፋፊው የሰልባትዮውን ወለል ቀድሞ ስለሚነካ መርፌው ባዶ ላይ መድረስ ያቅተዋል። ይህ ከሁሉም የከፋው ስሕተት ነው። ሁለቱን ጫፎች ማስታረቅ ካልተቻለ ትክክል መሆን ያለበት የባዶው ጫፍ ነው፤ ሙሉው ሲሞላ «ሩብ ጎደለ» ቢል ማንም መንገድ ላይ አይቀርም።

በኮረኮንች የሚነዳ መኪና ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ይታይ። ድንጋይ መትቶት ወለሉ ወደ ውስጥ የገባ ሰልባትዮ የሚይዘው ይቀንሳል፤ ተንሳፋፊውም ጉብታው ላይ ያርፍና ነዳጁ አልቆም መርፌው ሩብ ሊያሳይ ይችላል። ፍሎት ከመለወጥ በፊት ከስር ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። ጉብታው ትንሽ ከሆነ ክንዱን ወደ ላይ ማጠፍ ይበቃል፤ ሰፊ ከሆነ፣ ወይም ጠርዙ ላይ እርጥበት ካለ፣ ሰልባትዮው መውረድና በባለሙያ ታጥቦ መሠራት ወይም መለወጥ አለበት።